ጠብታ ለሚስቱ የተከለው ባሕር

የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሰው አይቆይም። ሠራተኛው የሚፈልገውን ያውቃል፤ «ሁለት ኤልቦ፣ አንድ ቲ፣ ሦስት ቴፍሎን» ብሎ ወስዶ ይሄዳል። ጠብታ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ችኩል ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ትውውቃችን ከባንኮኒዬ ፊት ከሦስት ደቂቃ በላይ የቆመበትን ቀን አላስታውስም። ያን ቀን ጠዋት ግን አንዲት የፕላስቲክ ኤልቦ፣ ያችን የቧንቧ ማጠፊያ፣ መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረ ውስጥ ውስጧን ሲያይ ግማሽ ሰዓት አለፈው።

«ምነው፣ የጋብቻ ቀለበት ነው እንዴ የምትመርጠው?» አልኩት።

«ቀለበቱንማ በአምስት ደቂቃ ነው የመረጥኩት» አለኝ ዓይኑን ከኤልቦዋ ሳይነቅል። «ጠቧት እስከ ዛሬ ትሰድበኛለች። ይኼን እንደዚያ አላደርገውም።»

ሚስቱን ማለቱ ነው። ወንበር ሳብኩለት፤ አልተቀመጠም።

ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣንለት እኛ የመንገዱ ባለሱቆች ነን። የሚንጠባጠብ ነገር ሰምቶ ማለፍ አይችልም። በእንግድነት የተጠራበት ቤት ምግብ ቀርቦ፣ ሰው ሁሉ ሊቆርስ ሲል፣ ከኩሽናው ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ከመጣ ሰውየው የለም፤ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር እግሩ ብቻ ይታያል። አንድ ጊዜ ለራሱ ሕመም ሐኪም ቤት ሄዶ ተራው ሲጠራ ታጣ። ሲፈለግ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ እጀታውን ሰብስቦ የሐኪም ቤቱን ቧንቧ ሲያጠብቅ ተገኘ። ነርሷ «አባባ፣ እርስዎ በሽተኛ ነዎት ወይስ ሠራተኛ?» ብትለው «ከዚህ ድምፅ ጋራ እንዴት ነው ሰው የሚድነው?» አላት አሉ።

ሙያውን ትምህርት ቤት አልተማረውም። ቦይ ቆፋሪ ሆኖ ገብቶ፣ ከጉድጓዱ አንገቱን ቀና አድርጎ ሌሎች የሚገጥሙትን እያየ ለመደው። ከዚያ በኋላ ያገኘውን የቧንቧ ዕቃ ዝርዝር ሁሉ፣ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈውን ሳይቀር፣ ሥዕሉን እያየ ያነብ ነበር። እኔም ያለ አስተማሪ ያነበብኩ ሰው ስለሆንኩ ይኼን ነገሩን እወድለታለሁ። ፈጣሪ ዕውቀትን በብዙ በር ነው የሚያስገባው። ብቻ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አደጋ አለበት፤ በራሱ ላብ ያገኛትን ዕውቀት ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። የጠብታ ዕውቀት ቁንጮዋ «ፕላስቲክ የተከራይ ነው፣ ነሐስ የባለቤት ነው» የምትል ነበረች። ለሰው ቤት ሲሠራ ባለቤቱ ካልከለከለው በስተቀር ነሐስ ነው የሚገጥመው። ሃያና ሠላሳ ዓመት የማያንጠባጥብ ነሐስ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ትውልዷ ከባሕሩ ጠርዝ ነው። ጠብታ በጉልምስናው መጀመሪያ የወደቡን ከተማ የውሃ መስመር ለመዘርጋት ለአንድ ዓመት ሄዶ ነበር፤ መስመሩን ዘርግቶ እሷን ይዞ ተመለሰ። አባቷ ጀልባ የሚጠግን ሰው ነበር። ሊለያዩ ሲሉ አማቹን ትከሻውን ይዞ «ልጄን በየዓመቱ እያመጣህ አሳየኝ» አለው። ጠብታም «በየዓመቱ» አለ። ሲናገረው ከልቡ ነበር።

የሄዱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዋ ልጃቸው ስትወለድ። ከዚያ በኋላ ዘንድሮ ሥራ በዛ፣ ለከርሞ፤ ከርሞ ሲመጣ ሁለተኛዋ ልጅ ታመመች፣ ለከርሞ። አባቷ ሲሞት መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት አልደረሱም። ልጆቹ አድገው የየራሳቸውን ቤት ከያዙ በኋላ ጊዜው ተገኘ፤ ልብሷን አዘጋጀች። ሐኪሟ ግን ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ አንሥቶ «እትዬ፣ ልብዎ ደክሟል። የሁለት ቀን አውቶቡስ፣ ያ ሁሉ አቀበት፣ ከታች ደግሞ ያ ሙቀት፣ አይችሉትም» አላት። በዚያው ወር ከዘመዶቿ አንዱ ደውሎ፣ የተወለደችበት ሠፈር ፈርሶ የወደቡ ዕቃ ማራገፊያ ሆኗል፣ በአስፋልት ተሸፍኗል ብሎ ነገራት።

ያን ጊዜ አላለቀሰችም። ቻል አደረገችው። ብቻ ስለ ባሕሩ ማውራት አቆመች።

ከዚያ በፊት ከስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የማታወራው አልነበረም። ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ ስለሚቀሩት ነገሮች፣ ስለ ጠዋቱ ሽታ፣ ስለ አባቷ እጅ። ልብስ ሊለኩ የመጡ ሴቶች ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመው ሰዓት እስኪረሱ ትነግራቸው ነበር። አሁን «ትከሻው ላይ ይጥበብ?» ከሚለው ውጪ ቃል አይወጣትም። ጠብታ እንደነገረኝ፣ ዕድሜውን ሙሉ በድምፅ ሲደነግጥ የኖረ ሰው ያኔ በዝምታ ደነገጠ። «የተዘጋ መስመር ነው» አለኝ አንድ ቀን። «የሚያንጠባጥብ ቢሆን አገኘው ነበር። የተዘጋ መስመር ግን የት እንደተዘጋ በጆሮ አይገኝም።»

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ሆቴል ለቧንቧ ሥራ ተጠራ። የእንግዳ መቀበያውን ያድሱ ነበር፤ ከግድግዳው ሥር አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የዓሣ ገንዳ ባዶውን ቆሟል። ሊጥሉት ነው። የጨው ውሃ ገንዳ ነው፤ ከሥሩ ቁም ሣጥን፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትንሽ የመስተዋት ሣጥን አለው። ከላይ ያለው ውሃ ሞልቶ ወደ ታችኛው ሣጥን ይወርዳል፣ እዚያ ይጣራል፣ ከዚያ ፓምፕ በመመለሻው ቧንቧ አድርጎ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ጠብታ ተንበርክኮ መስመሩን በጣቱ ተከተለው። ሥራ አስኪያጁን «እኔ ልውሰደው?» አለ። «ከወሰድክልንማ እኛ ነን የምናመሰግንህ» አለው።

ሦስት ሰው ሆነን የቤታቸውን ደረጃ አወጣንላቸው። ሚስቱ ጨርቆቿን ሰበሰበች፣ መንገድ ለቀቀችልን፣ ገንዳው ከስፌት መኪናዋ ማዶ ተቀመጠ። ጠብታ ላቡን እየጠረገ አያት።

«ባሕር ላምጣልሽ ብዬ ነው» አለ።

«አቧራ እንዳያመጣብኝ ብቻ» አለች። ከዚያም ወንበሯንና መኪናዋን አዙራ፣ ለገንዳው ጀርባዋን ሰጥታ መስፋቷን ቀጠለች።

ኤልቦ ይዞ ግማሽ ሰዓት የቆመው በማግስቱ ነው እንግዲህ። ነገሩን ሲያስረዳኝ እኔም ከባንኮኒው ወጥቼ አብሬው መምረጥ ጀመርኩ። ባለ ዘጠና ዲግሪ ኤልቦ አንሥቶ መለሰ፤ ውሃ በደንብ በታጠፈ ቁጥር ይደክማል፣ ፓምፑም ትንሽ ነው። በአንድ ዘጠና ፈንታ ሁለት አርባ አምስት ወሰደ፤ መታጠፊያው ሰፋ ብሎ ውሃው እንዲንሸራተት። የፓምፑ አፍ አንድ ኢንች ነው፤ መስመሩን አንድ ከሩብ አደረገው። ከፓምፑ አጠገብ ዩኒየን፣ ማለትም ቧንቧውን ሳይቆርጡ በእጅ ፈትተው የሚለያዩበትን መገጣጠሚያ፣ ፓምፑ ለጽዳት እንዲወጣ። ከዩኒየኑ በላይ አንድ ስንዝር ለስላሳ ጎማ፤ የፓምፑ ንዝረት ወደ እንጨቱ እንዳይሄድ፣ እሷን እንዳይረብሻት። ለእያንዳንዷ ምክንያት ነበረው። ሰው ቤት ሲሠራ እንዲህ ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም፤ ያውም ለሰው ቤት የሚጠነቀቅ ሰው ነው።

የገንዳውን አሠራር የነገረው ዓሣ የሚሸጥ አንድ ወጣት ነው። ዓሣ ሻጩ ትሑትና ለዓሣዎቹ የሚራራ ልጅ ሲሆን፣ አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሮት ነበር። «ጋሼ፣ ፕላስቲክ ብቻ ይጠቀሙ። ብረት ነገር እንዳያስገቡ።»

ጠብታ ይኼን ሲነግረኝ ሁለታችንም ፈገግ አልን። ዝገት ፈርቶ ነው አልን። የቧንቧ ሰው ያልሆነ ሰው ብረት ሁሉ የሚዝግ ይመስለዋል።

ጣጣው የመጣው በሙከራው ሳምንት ነው። ገንዳው ውሃና ጨው ተሞላ፣ ፓምፑ ተነሣ፣ ሁሉም ነገር ሳይንጠባጠብ ሠራ። ጠብታ ጆሮውን ቁም ሣጥኑ ላይ አስደግፎ «ዝም ብሏል!» ብሎ ደወለልኝ። በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ፓምፑ ሲቆም በመመለሻው ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ከላይ ያለውንም እየጎተተ ይወርዳል። የታችኛው ሣጥን ሞልቶ ፈሰሰ። ወለሉ ላይ ተጣጥፎ የነበረ የደንበኛ ጨርቅ በጨው ውሃ ራሰ።

ሚስቱ ጨርቁን ጨምቃ አንጠለጠለችው። «ባሕር ከሰው ቤት ይገባል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች፣ «ተከራይቶ ሲገባ ግን የመጀመሪያው ነው።» እንደዚህ ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ጠብታ በማግስቱ እሳት ጎርሶ መጣ። «ቼክ ቫልቭ ስጠኝ» አለ። ቼክ ቫልቭ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ሊመለስ ሲል የሚዘጋ በር ነው። የፕላስቲኩን አሳየሁት።

«ይኼ?» አለኝ፤ በሁለት ጣቱ አንሥቶ። «ይኼ ለሚስት የሚሰጥ ነገር ነው?»

እኔም፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ነገሩን አቀጣጠልኩት። ከላይኛው መደርደሪያ በሰም ወረቀት የተጠቀለለ የነሐስ ቫልቭ አወረድኩ። ከባድ፣ ቢጫ፣ ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበራ። ክዳኗን በጣቱ ገፋ ሲያደርጋት ቂው ሳትል ተመለሰች። «ሠላሳ ዓመት» አልኩት። «እኔና አንተ እናልፋለን፣ ይቺ ትሠራለች።»

«ዓሣ ሻጩ ግን...» አለ።

«የሚዝግ ብረት ነው ያለህ። ነሐስ መቼ ዝጎ ያውቃል?»

«እሱስ እውነት» አለና ወሰዳት። አወቅህ አወቅህ ሲሉት የሚስቱን መጽሐፍ አጠበ ማለት ይኼ ነው። ያጠበው እሱ ቢሆን፣ ሳሙናውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ገንዳው ውስጥ ውሃና ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ውሃው እስኪበስል፣ ለፍጥረት እስኪመች፣ መጠበቅ አለበት ብሎ ዓሣ ሻጩ አዝዞ ነበር። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ቫልቯ እንደ ወታደር ዘጋች፣ አንዲት ጠብታ ወለሉን አልነካችም። ጠብታ ደስታውን የሚናገርለት ሰው ስላልነበረው እኔ ዘንድ እየመጣ ይናገር ነበር። «አየችው?» ስለው «አላየችውም» ይለኛል። «ጀርባዋን እንደሰጠች ናት። ግን ገና ፍጥረት አልገባበትም። ፍጥረት ሲገባበት ትዞራለች።» ይኼን ሲል የሚያሳዝን ነገር ነበረው። አንድ ቃል ነበር የሚፈልገው። «ባሕር» ብላ ስትጀምር መስማት። ሌላ አልነበረም።

ፍጥረቱ በሐሙስ ቀን ገባ፤ አሥራ ሁለት ቀንድ አውጣዎችና በትናንሽ ድንጋይ ላይ የበቀሉ አራት ኮራሎች፣ ተክል የሚመስሉ የባሕር እንስሳት። ኮራሎቹ በመጀመሪያው ቀን እንደ ጣት ጫፍ ብቅ ብቅ ብለው ነበር። በሁለተኛው ቀን ገቡ። «ቦታ አልለመዱም» አለ ጠብታ። በሦስተኛው ቀንም አልወጡም።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ እኔም ለማየት ሄጄ ነበር። ሁለታችን ከገንዳው ፊት ቆመን ስለ ፓምፑ ጸጥታ እናወራለን። ከኋላችን የስፌት መኪናው ሲሮጥ ይሰማል። ድንገት ቆመ።

«ወደቁ» አለች።

ዞር አልን። ከወንበሯ ተነሥታ ወደ ገንዳው ታያለች። አንገቷን ወደ ጎን አድርጋ ሳናውቅ ስንት ቀን ስታየው እንደነበር እንጃ።

«ምኖቹ?» አለ ጠብታ።

«ቀንድ አውጣዎቹ። ትላንት ሁለት ነበሩ፣ ዛሬ ሰባት ናቸው።»

«ተኝተው ይሆናል።»

«ቀንድ አውጣ በጀርባው ተኝቶ ያየኸው የት ነው? በጀርባህ ተኝተህ የምታንኮራፋው አንተ ነህ።» በመካከላችን አልፋ መስተዋቱ ላይ እጇን አሳረፈች። «ምንድን ነው ውሃው ውስጥ ያስገባኸው?»

«ምንም። ውሃና ጨው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ስለ ቧንቧህ ነው የምጠይቅህ።»

«ፕላስቲክ ነው» አልኩ እኔ፣ ለወንድሜ ጥብቅና ልቆም ብዬ። «ቫልቯ ብቻ ናት ነሐስ። ደግሞ ምርጥ ነሐስ ናት፣ እህቴ።»

«ነሐስ ከምን ነው የሚሠራው?»

ይኼን ጥያቄ ጠብታ ተኝቶም ይመልሰዋል። ደረቱን ነፋ አድርጎ «ከመዳብና ከዚንክ። ለዚያ ነው እኮ የማይዝ...» አለና ፊቷን ሲያይ ቀረ።

«መዳብ» አለች ቀስ ብላ። «አባቴ በዓመት አንድ ጊዜ ጀልባዎቹን አሸዋው ላይ ገልብጦ ሆዳቸውን ቀይ ቀለም ይቀባ ነበር። ቆርቆሮውን የምይዝለት እኔ ነኝ። ‹እጅሽን አፍሽ እንዳታስገቢ፣ መዳብ አለበት› ይለኛል። ለምን እንደሚቀባው ታውቃላችሁ? ዛጎል እንዳይጣበቅበት ነው። ቀንድ አውጣ እንዳይወጣበት ነው። ቀለሙ የነካው ድንጋይ ላይ እንኳ ዓመቱን ሙሉ የሚበቅል ነገር የለም። እናንተ ያንን ቀለም ነው ያጠጣችኋቸው።»

እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። የሰም ወረቀቱን ስፈታ የነበረኝ ኩራት ትዝ አለኝ። ጠብታ ግን የገረመኝን ነገር አደረገ። ወደ ቫልቯ አልሄደም። ሚስቱን እያየ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ሊስቅም የፈለገ ይመስል።

«ከዚያስ?» አላት።

«ከዚያስ ምን?»

«ቀለሙን ቀብቶ... ከዚያስ?»

«ቀንድ አውጣዎቹ እየሞቱ ከዚያስ ይለኛል!» ብላ በጥፊ የመታችው ያህል ገፋችው። «ግባና ያንን ነገር አውጣው! አንተም ባለሱቁ፣ አትቁም፣ ባልዲ አምጣ!»

ባልዲ አመጣሁ። ፓምፑ ቆመ፣ ቫልቯ ወጣች፤ ውስጧ አረንጓዴ ጀምሯት ነበር። የቆሙትን አምስት ቀንድ አውጣዎችና ኮራሎቹን ወደ ንጹሕ የጨው ውሃ ያወጣቻቸው እሷ ናት፤ እጀታዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ መዳፏን ከሥራቸው አድርጋ ሳትነቅል እያንሸራተተች። እጇ እንዴት እንደሚይዛቸው ያውቅ ነበር። ስታወጣም ዝም አላለችም። ይኼኛው በእኛ ቋንቋ እንዲህ ይባላል፣ ያኛው ውሃ ሲሸሽ ከድንጋይ ሥር ይደበቃል፣ ታላቅ ወንድሜ አንዴ ረግጦት እያነከሰ ወር ሙሉ ከርሟል እያለች። በመሐሉ ትሰድበናለች፣ ደግሞ ወደ ወሬዋ ትመለሳለች። ካልደፈረሰ አይጠራም ይላል ሰው። እኔ ያን ቀን በዓይኔ አየሁት፤ ለመደፍረሱም እጄ አለበትና ለመጥራቱ ፈጣሪን ሳመሰግን አፍሬ ነው።

ዓሣ ሻጩ በማግስቱ መጥቶ ውሃውን ለካ፤ ሦስት ጊዜ ለውጡት አለ፣ ከሰልም ማጣሪያው ውስጥ አስቀመጠ። ጠብታን አልወቀሰውም። «ጋሼ፣ ብረት ስል መዳብን ማለቴ ነው ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ» አለ። ጠብታም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል «አይ፣ አስረድተኸኛል፤ ስሰማ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለው። ውሃው እንዳይመለስ ቫልቭም አያስፈልግም ነበር። ከመመለሻው ቧንቧ አናት፣ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የክብሪት እንጨት የምታህል ቀዳዳ መብሳት ነው። ፓምፑ ቆሞ ውሃው ወደ ኋላ ሲሳብ፣ የላይኛው ውሃ ወደ ቀዳዳዋ ዝቅ ሲል አየር ይገባል፤ መሳቡ ይቋረጣል፤ የሚወርደው ታችኛው ሣጥን የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ሰው በገዛ እጁ ጤነኛ ቧንቧ ሊበሳ ነው! መሰርሰሪያውን ይዞ ሦስት ጊዜ አንሥቶ አስቀመጠው።

«ስጠኝ እኔ ልብሳው» አለች ሚስቱ። «ጨርቅ ስቀድ መቼ እጄ ተንቀጥቅጦ ያውቃል?»

በሳችው። ቀዳዳዋ ውሃ ስትተፋ ትንሽ ድምፅ አላት። ጠብታ ሰምቶ ተዋት።

ከአምስቱ ቀንድ አውጣዎች አራቱ ተረፉ። ከኮራሎቹ አንዱ ነጭ ሆኖ ሞተ፤ ሦስቱ በሁለተኛው ወር እንደገና ተከፈቱ። ዓሣ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። የስፌት መኪናዋም ዞሯል፤ አሁን ፊቷ ወደ ገንዳው ነው፤ ጀርባዋን የምትሰጠው ለበሩ ነው። ደንበኞቿ ይኼን አይወዱትም፣ ግን ለምደውታል።

ሁሉ ነገር ተፈወሰ ብዬ አልዋሽም። አንድ ቀን ጠብታ እኔው ባለሁበት ደፍሮ «ይበቃሻል?» ብሎ ጠየቃት።

«ምኑ? ይኼ?» አለችና ሳቀች። «ባሕር መብራት ሲጠፋ ይቆማል እንዴ?» ከዚያ ሳቋ ቀነሰ። መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች። «አይበቃኝም» አለች። «የትም ሆኖ አይበቃኝም። ድሮ ግን ሲናፍቀኝ ወዴት እንደምዞር አላውቅም ነበር።»

እሱም ሌላ አልጠየቃትም። ያልፈጸመውን ቃል ገንዳ አይከፍልለትም፣ ያውቃል። ይኼን ለእኔም ነግሮኛል፤ በጸሎቴ ውስጥ አስባቸዋለሁ። ከሐኪሙ ጋራ ደግሞ እንደገና ሊነጋገሩ ነው፤ መንገዱን በአራት ቀን ከፍለው፣ በብርዱ ወራት፣ እያረፉ ቢሄዱ እንዴት ይሆናል ብለው። ሠፈሯ አስፋልት ቢሆንም ውሃው የትም አልሄደም ትላለች። እኔ ተስፋ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ያሰፋችውን ቀሚስ ልቀበል ሄጄ ነበር። ሁለት ሴቶች ለልኬት ቆመዋል፤ አንደኛዋ ክንዷን ዘርግታ፣ ሜትሩ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ። የልብስ ሰፊዋ እጅ ልኬቱን ረስቶ አየር ላይ ማዕበል ይሠራል። ሴትዮዋ ክንዷን ማጠፍ አልደፈረችም፣ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። ውሃው ሲሸሽ ስለሚሰማው ድምፅ ነው የምትነግራቸው፤ ትናንሽ ጠጠሮች ሁሉ ወደ ውስጥ ሲንከባለሉ፣ እንደ ብዙ ሰው ሹክሹክታ።

ከገንዳው ሥር የቁም ሣጥኑ በር ተከፍቷል። የጠብታ እግሮች ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ዩኒየኑን በመፍቻ ይዞ በጀርባው ተኝቷል። የፕላስቲክ ዩኒየን በእጅ ነው የሚጠበቀው፤ በመፍቻ ከነኩት ይሰነጠቃል፤ ይኼን ከእኔ በላይ እሱ ያውቃል። መፍቻው አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ ተጨፍኖ ነበር።

«ምን ተበላሸ?» አልኩት በሹክሹክታ።

ዓይኑን ሳይገልጥ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።